ካርቶኑ ላይ ያለው ፐርሰንት ለድሬ ደም ይሰራል ወይ?

እንዴት ናችሁ የድሬ ልጆች፣ ከሐረር የመጣችሁም እንኳን ደና መጣችሁ። ሙቀቱን ችላችሁ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ፣ ፋኑ እንደሆነ ዛሬ ከኛ ጋር አይደለም።

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ስለ ኮሮና ነው የማወራው፣ "አቦ አሁንም ኮሮና?" የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ግን በአፍንጫ ስለሚገባው ምርመራ አይደለም፣ ስለ ደሙ ነው። ቫይረሱ አሁን አለ ወይ ሳይሆን ከዚ በፊት ይዞን ነበር ወይ የሚለውን የሚነግረን የአንቲቦዲ ምርመራ ማለቴ ነው። አንቲቦዲ ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሰራው መከላከያ ነው፣ ሰው ከተያዘ ደሞ ከአንድ እስከ ሶስት ሳምንት ቆይቶ ነው ደም ውስጥ የሚገኘው፣ ስለዚ ትናንት ማሳል የጀመረ ሰው ዛሬ በደም ኔጋቲቭ ተባልኩ ብሎ ሰርግ ቢሄድ ጉድ ነው።

የኪቱ፣ ማለትም የመመርመሪያው እቃ፣ ካርቶን ላይ 95 ፐርሰንት ይላል፣ ሰው ይሄን ሲያይ ከመቶ አምስት ብቻ ነው የሚስተው ብሎ ያልፋል። በቃ እስቲ እናስላው። ከሳቢያን እስከ ለገሃሬ 1000 ሰው መረመርን፣ እውነት ይዟቸው የነበሩት 50 ናቸው እንበል። ኪቱ ከነሱ 47 ወይ 48ቱን ያገኛል፣ ጎበዝ። ካልተያዙት 950 ሰዎች ግን 5 ፐርሰንቱን፣ ማለትም ሌላ 47 ወይ 48 ሰው፣ በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። ፖዘቲቭ ከተባሉት ግማሹ ውሸት ነው ማለት ነው እኮ! የተያዘ ሰው ሲበዛ ይሄ ችግር ይቀንሳል ሲያንስ ይብሳል፣ ኪቱ ግን ያው ኪት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንዱ መላ ሁለቴ መመርመር ነው፣ በዛው ኪት ግን አይደለም። ቫይረሱ ላዩ ላይ ስፓይክ የሚባል ፕሮቲን አለው፣ ውስጡ ደሞ ኑክሊዮካፕሲድ የሚባል። የአንዱን አንቲቦዲ በሚፈልግ ኪት ፖዘቲቭ የሆነውን የሌላውን በሚፈልግ ኪት ማረጋገጥ ነው፣ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ የመሳሳታቸው ነገር ጠባብ ነው። ክትባቱ እዚ ጋር ነገሩን ያወሳስበዋል፣ አስትራዜኔካ የተከተበ ሰው ከክትባቱ የስፓይክ አንቲቦዲ ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ሲኖፋርም ግን ሙሉው ቫይረስ ተገድሎ የተሰራ ስለሆነ የሁለቱንም ሊያመጣ ይችላል። ምን ተከተብሽ ሳይባል የተቀዳ ደም ውጤቱ ለማንበብ ያስቸግራል።

አሁን ወደ ድሬ ልምጣ፣ የመጣሁትም ለዚ ነው። ናይጄሪያና ቤኒን ውስጥ ኮሮና ከመምጣቱ በፊት የተቀመጠ ደም ሲመረመር አንዳንድ ኪት ፖዘቲቭ አለ፣ በተለይ ወባ ያየ ደም ላይ። በሽታው እኮ ገና አልመጣም! ሲንጋፖር ደሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የያዛቸው ሁለት ሰዎች በፈጣን የደም ምርመራ መጀመሪያ በስህተት ዴንጊ፣ ያ በትንኝ የሚመጣው ትኩሳት፣ ተብለው ነበር። እና እኛን እዩን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የሚባለው ሌላው የትንኝ በሽታ፣ በ2022 በርሜል ውሃ ውስጥ በምትራባው ስቴፈንሳይ በምትባለው ትንኝ የመጣው ወባ። የድሬ ሰው ደም ስንቱን አይቷል፣ ኪቱ የተፈተሸው ግን ወባ በማያውቅ ሰው ደም ሊሆን ይችላል።

ስለዚ የላብ ሰዎች፣ ለሌላ ምርመራ ተቀድቶ የሚተርፈውን ሲረም፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል፣ ፈቃዱ ካለ አትድፉት፣ የተቀዳበት ዓመት ተጽፎበት ፍሪዘር ይግባ። ከኮሮና በፊት የተቀመጠ ያለው ካለ ደሞ በፍፁም እንዳይጥል። አዲስ ኪት ሲመጣ ለጤና ጣቢያ ከመከፋፈሉ በፊት በዛ ደም ይሞከር፣ ወባ ያየው ለብቻ፣ ዴንጊ ያየው ለብቻ። ንባቡም በሰዓቱ ይሁን፣ 15 ደቂቃ የሚለውን ኪት ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ካየነው የሌለ ቀጭን መስመር ሊታየን ይችላል፣ ይሄ የኪቱ ጥፋት አይደለም።

ኃላፊዎችም አላችሁ መሰለኝ፣ ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ፍሪዘሩ ከጀነሬተሩ ጋር ይገናኝ፣ መብራቱን ታውቁታላችሁ። ጥያቄ ያለው ማይኩን ይቀበል።