እጅሽ ያድጋል

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ የቤት ኪራዩን ታሪክ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር። ይቆየን። እሁድ ዕለት የሆነች አንዲት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለችኝ። ትንሽ ነገር ናት። ሳወራት ትቀለኝ ይሆናል።

የወንድሜ ልጅ ሚጢ ከቅዳሴ መልስ መጣች። አሁን 9 ዓመት ሞልቷታል። ፒያኖው ጋ ተቀመጥን። የግራ እጇን ትንሿን ጣት ታችኛው ዶ ላይ አደረገች። አውራ ጣቷን ወደ ላይኛው ዶ ዘረጋች። ላ ላይ ቀረ። እንደገና ሞከረች። አሁንም ላ። ከዚያ በቀኝ እጇ አውራ ጣቷን ይዛ ጎተተችው። በጣቶቿ መሃል ያለው ቆዳ ተወጥሮ ነጣ። ዞር ብላ አየችኝና "አክስቴ፣ ይሄ ፒያኖ የተሠራው ለማን እጅ ነው?" አለችኝ።

"እጅሽ ያድጋል" አልኳት።

በቃ፣ ይኸው ነው። እሷም እሺ ብላ ወደ ልምምዷ ተመለሰች። ሻይ ጠጣን፣ ወንድሜ መጥቶ ወሰዳት። እኔ ግን ማታ ዕቃ እያጠብኩ ቆም አልኩ። የጠየቀችኝ ሌላ፣ የመለስኩላት ሌላ። ለማን እጅ ተሠራ ነው ያለችው። ስለ እጇ አልጠየቀችኝም እኮ።

ደግሞ ያ ቃል የኔ አይደለም። በ10 ዓመቴ ለእኔ የተባለ ቃል ነው። ያስተማረኝ ሰው ክፉ አልነበረም፣ አምኖበት ነው ያለኝ። እኔም አምኜ ጠበቅኩ። ቁመቴ አደገ፣ እግሬ አደገ። እጄ ግን እዚሁ ነው፣ እንደምታውቁት። ዛሬም ኦክታቭ፣ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ማለት ነው፣ የምይዘው በቁልፎቹ ጠርዝ ላይ ነው። ረዘም ላለ ሰዓት ከተጫወትኩ ማግስቱን አንጓዬን ያመኛል። ለዓመታት የኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። በደንብ ስላልተለማመድኩ።

የአንድ ኦክታቭ ስፋት፣ የሰባቱ ነጭ ቁልፎች ማለት ነው፣ 16.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ይሄን ቁጥር ከሰማይ ያወረደው የለም። ሰዎች የተስማሙበት ልክ ነው። ጆሴፍ ሆፍማን የሚባል ፖላንድ የተወለደ ፒያኒስት ነበር፣ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቆች አንዱ። እጁ ትንሽ ነበር። ስታይንዌይ የሚባለው ፒያኖ ሠሪ ቁልፎቻቸው ጠበብ ያሉ ፒያኖዎች ሠራለት። ለሆፍማን ሲሆን ፒያኖው ጠበበ። ለእኛ ሲሆን እጃችን ይደግ ተባለ። ይሄን ሳስብ እናደዳለሁ፣ እውነቴን ነው። ዛሬ ኦክታቩ ወደ 14 ሴንቲሜትር የወረደ ኪቦርድ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አሉ፣ ግን የት? እዚህ አዲስ አበባ በገባሁበት ሁሉ ያየሁት ያው ባለ 16.5ቱን ነው።

ቆይ፣ ያንኮንም ልንገራችሁ። ፓውል ፎን ያንኮ፣ የሃንጋሪ ሰው ነው። በ1882፣ በፈረንጆቹ፣ ሌላ ዓይነት የቁልፍ አደራደር አወጣ። ስድስት ረድፍ ነው፣ እንደ ደረጃ ከፍ ከፍ እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቁልፍ በሦስት ቦታ ይነካል። ኦክታቩ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ሚጢ ትንሽ ቆይታ የምትደርስበት። ሌላው ደግሞ፣ አንድ ዜማ በጣታችሁ ከያዛችሁ፣ ከየትኛውም ድምፅ ብትጀምሩ የጣታችሁ አካሄድ አይለወጥም።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ሠርግ ላይ የተጫወተ ያውቃል። ዘፋኟ ጆሮሽ ሥር መጥታ "ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጊልኝ" ትልሻለች። ሕዝቡ እያጨበጨበ ነው። የለመድሽው የጣት መንገድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ወይ ትራንስፖዝ፣ ኪቦርዱን በሙሉ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ፣ ትነኪያለሽ፣ ወይ በላብ ትጠመቂያለሽ። ትራንስፖዝ የነካ ሙዚቀኛ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔም እል ነበር። አሁን እንጃ።

አጎቴ ክራሩን ሲቃኝ አስታውሳለሁ። መጀመሪያ ያንጎራጉራል። ድምፁ ዛሬ የት እንደሚመቸው ይፈልጋል። ከዚያ አውታሩን ጠበቅ፣ ላላ። ጠጋ ብሎ ያዳምጣል፣ እንደገና ጠበቅ። ባቲ ሊጫወት ከሆነ ለባቲ ይቃኘዋል፣ አምባሰል ከሆነ ለአምባሰል። ክራሩ ነው ወደ ሰውዬው የሚመጣው። ጣቱ ያው ጣት ነው፣ አውታሩም ያው። ያንኮ በስድስት ረድፍ የፈለገው ነገር አጎቴ ጭን ላይ ነበር ልበል? ማጋነን ይሆንብኛል። ክራር አምስት ስድስት አውታር ነው፣ ፒያኖ ሌላ ዓለም ነው። ግን…

እንዲያውም ፒያኖው ላይ ሞክሩት። ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች ከግራኛው ጀምሩና ጥቁር ጥቁሩን ብቻ ሂዱ። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ነው። ሁለት ሆነው ከተደረደሩት ደግሞ ከቀኛው ጀምሩ። ባቲ ማይነር። አንድም ነጭ ሳትነኩ! ለሚጢ መጀመሪያ ያሳየኋት ይሄን ነበር። የዚያን ቀን ፊቷን ብታዩት።

ኖታውም እንደዚሁ ነው። ክላቫርስክሪቦ የሚባል ሌላ የኖታ አጻጻፍ አለ፣ ኮርኔሊስ ፖት የሚባል ሆላንዳዊ በፈረንጆቹ 1931 ያወጣው። መስመሮቹ ቆመው ነው የሚሄዱት፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ልክ እንደ ጥቁሮቹ ቁልፎች። ከላይ ወደ ታች ታነቡታላችሁ። ጥቁሩ ቁልፍ በጥቁር፣ ነጩ በነጭ። ለሚጢ ሁለት መስመር በእጄ ጽፌላት ነበር፣ ወዲያው ገባት።

የኛው የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክትስ? በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል አዘጋጁት የሚባለው። ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ ትንንሽ ፊደል ታያላችሁ። ድምፁ ይህን ያህል ከፍ ይበል፣ ዝቅ ይበል አይልም። ከሚታወቅ የዜማ ቃል የተወሰደ ፊደል ነው። ያንን የምታውቀውን ዜማ እዚህ አምጣው ነው የሚለው። መጀመሪያ ዜማው በልብ መኖር አለበት። ስለዚህ ለጀማሪ ይቀላል ማለት አይቻልም፣ የዜማ ቤት ዓመታት ይፈልጋል። ላወቀው ግን አንዲት ፊደል ስንቱን ትሸከማለች።

ወዴት እየሄድኩ ነበር?

አዎ፣ ሚጢ። ልነግራት የሚገባኝን አሁን አውቀዋለሁ ብል ውሸት ነው። ፒያኖው ላንቺ እጅ አልተሠራም ልበላት? በ9 ዓመቷ? ያንኮም ያን ሁሉ ሠርቶ አስተማሪዎቹም ፋብሪካዎቹም የድሮውን መተው አልፈለጉም። በሌላ አደራደር ባስተምራት ነገ ትምህርት ቤት የምታገኘው ያንኑ ነው። ደግሞ እኮ እጇ ሊያድግ ይችላል። የናቷ እጅ ረጅም ነው።

ልትሄድ ስትል ወረቀት ላይ እጇን ዘርግታ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረችው። "ሲያድግ እንድናይ" ብላ ፒያኖው ላይ ትታልኝ ሄደች። አላነሳሁትም፣ አሁንም እዚያው ነው። ትናንት ማታ የራሴን እጅ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት። የሚተርፈው፣ ምን ልበላችሁ፣ በጣም ትንሽ ነው። እሁድ ስትመጣ ልክ እንደዚያ እጇን ከላዩ ታስቀምጥና ቀና ብላ ታየኛለች፣ እኔም…