እሳት የሌለበት ምዕራፍ
(በደብረ ብርሃን በአንድ ልብ ወለድ ምረቃ ላይ ደራሲዋ ያደረገችው ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ቁር ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለ መጣችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

መጽሐፉ የሁለት የማይገጥሙ ሰዎች ፍቅር ነው። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ መንገድ ሳትጠይቅ የምትሄድ፣ ሻንጣዋን በመነሻዋ ሌሊት የምታዘጋጅ፣ አፏ የማያርፍ። እሱ የመንዝ ልጅ ነው፤ ጓሳ በሚባለው የመንዝ ሣራማ ደጋ ላይ ተጓዦችን ይመራል፤ ውሃውን በጉንጭ፣ ቆሎውን በእፍኝ የሚቆጥር፣ አንዲት ቃል ለማውጣት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት። አራት ቀን አብረው በእግር ይጓዛሉ። እንዲህ ያሉትን እኛ «እሳትና ጭድ» ነው የምንላቸው።

ከተሜው ነፈዝ፣ ባላገሩ ጠቢብ የሚሆንበትን ድርሰት ብዙ ጊዜ አንብበናል፤ እኔን ሰልችቶኛል። ልጁ ቁጥብ የሆነው ጠቢብ ስለሆነ አይደለም። ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ ያደገ ሰው ነው፤ ጉም ባንድ አፍታ መንገዱን ሲውጠው፣ ውርጭ የገብሱን ቡቃያ ሲመታው አይቷል። የእሷም ጥድፊያ ቂልነት አይደለም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ የተግደረደረ ሰው እዚያው ነው የሚያመሸው።

የመጀመሪያውን ረቂቅ እንደጨረስኩ ለአንድ የመንዝ አባት አነበብኩላቸው። በሦስተኛው ሌሊት ሁለቱ ሣሩ መሃል እሳት አንድደው ይሞቃሉ፤ ፍቅሩም እዚያ ይጀመራል። በጣም የምወደው ምዕራፍ ነበር! አባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ጓሳው ውስጥ እሳት ያነደደን ሰው ፍቅር አይይዘውም፤ የምንይዘው እኛ ነን» አሉኝ።

አፈርኩ። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በድርቅ ጊዜ የከብት ነፍስ ነው። የመንዝ ሰዎች ቦታውን ለዓመታት እየዘጉ፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ከፍተው እያጨዱ፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀው አቆይተውታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ የጥንቱ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳው ዛሬ የተረፈው የአካባቢው ሰው እንደገና ጥበቃውን በእጁ ስላደረገ ነው። እኔ ደግሞ ለአንድ መሳሳም ብዬ ላቃጥለው!

ምዕራፉን ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት። እሳት የለም። ብርድ አለ፣ አንድ ባና፣ ያ ወፍራሙ የሱፍ ልብስ፣ አለ። ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው በባናው ጫፍ ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ ወደዚህ ትስባለች፣ እሱ ወደዚያ ይስባል፣ ብርዱ በመሃል ይገባል። ባናው ለሁለቱም የሚበቃው ሲጠጋጉ ብቻ መሆኑን እስኪደርሱበት ድረስ ስምንት ገጽ ሄዷል። (አርታኢዬ አምስት ይበቃል ብሎ ነበር፤ አልሰማሁትም።)

ጎህ ሲቀድ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው ሣር ላይ ይሰማራሉ። በመሃላቸው አንድ ቀይ ቀበሮ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ይሄን ከራሴ አልፈጠርኩትም። እዚያው ጓሳ ላይ የተጠና ነገር ነው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ቀበሮው ብቻውን አይጥና ፍልፈል ሲያድን የሚሳካለት ከ100 ሙከራ 25 ያህሉ ነው፤ ጭላዳዎቹ መሃል ሲሆን ግን 67 ይደርሳል። ልጆቻቸው አጠገቡ እየተንከባለሉ እሱ ዓይኑ አይጡ ላይ ነው፤ እነሱም አይሸሹትም። አንዱ ሥጋ በል፣ ሌላው ሣር በል፤ ማንም ማንን ልለውጥህ አላለም። መጽሐፉን ሁሉ የመሠረትኩት በዚህች ትዕይንት ላይ ነው።

ልጅቷ ይህን ስታይ በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ትላለች። ልጁ ደግሞ ሳይጠየቅ መናገር ይጀምራል። የሚናገረው ግን ስለ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ስለ አይጥ ነው።

ስትገቡ «በመጨረሻ ይጋባሉ ወይ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አልናገርም። እኚያ አባት እዚህ ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ገና አልሰሙም። አሁን የባናውን ምዕራፍ ላንብብላችሁ። ከኋላ ያላችሁ እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ድምፄን ብርድ ይዞታል።