የወንዝ ጠብ የወለደው ሕገ መንግሥት

እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና ስናጠና «ሕገ መንግሥቱ መቼ ተጻፈ?» የሚል ጥያቄ ነበር። «1787» ብለን ወደ ቀጣዩ እናልፍ ነበር። እኔም ያለፍኩት እንዲሁ ሸምድጄ ነው። ዛሬ ከዚያ ቁጥር ጀርባ ያለውን ጉድ ላጫውታችሁ። ታሪኩ ሩቅ አይደለም፣ ከዚሁ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ይነሳል።

13ቱ ግዛቶች ከእንግሊዝ ጋር እየተዋጉ በ1777 አንድ ውል አዘጋጁ። የኮንፌዴሬሽን አንቀጾች ይባላል። ሁሉም ፈርመው ሥራ ላይ የዋለው ግን በ1781 ነው። ያዘገየችው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው ሜሪላንድ ናት። ቨርጂኒያና ሌሎቹ በምዕራብ በኩል የኛ ነው የሚሉትን ሰፊ መሬት ካልለቀቁ አልፈርምም ብላ ድርቅ አለች።

ውሉን ለመረዳት ዕድራችሁን አስቡ። ዕድር ያልከፈለን ይቀጣል፣ ሲብስም ይሰርዛል። ያኔ የነበረው ኮንግረስ ግን መቅጣት የማይችል ዕድር ነበር። ግብር መጣል አይችልም። «ይህን ያህል አዋጡ» ብሎ ለግዛቶቹ ይጽፋል፤ የፈለገ ይልካል፣ ያልፈለገ ጭጭ። ፕሬዚዳንት የለ፣ የአገር ፍርድ ቤት የለ። ደንቡን ለመቀየር ደግሞ 13ቱም መስማማት አለባቸው። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ይጣል ሲባል ትንሿ ሮድ አይላንድ እምቢ አለች፤ ነገሩ ከሸፈ።

በጁን 1783 ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ፊላደልፊያ ላይ የስብሰባውን ሕንፃ ከበቡት። ኮንግረሱ ምን አደረገ? ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ፕሪንስተን ሄደ።

አሁን ወደ ወንዛችን ልምጣ። ፖቶማክን በድልድይ ስንሻገር ትራፊኩን ነው የምናማርረው። ያኔ ያማርሩ የነበረው በራሱ በውሃው ነው። በድሮ የንጉሥ ቻርተር ወንዙ እስከ ቨርጂኒያ ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ነው። ወደ ባሕር የሚያስወጣው በር ግን በቨርጂኒያ እጅ ነው። ታዲያ ማን ማንን ያስከፍል? ዓሣውንስ ማን ያጥምድ?

በማርች 1785 የሁለቱ ተወካዮች እዚህ ከተማ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። የሜሪላንዶቹ ደረሱ። የቨርጂኒያዎቹ የሉም! ለካ የገዛ መንግሥታቸው ቀጠሮውን አልነገራቸውም። ጆርጅ ሜሰንና አሌክሳንደር ሄንደርሰን የዚሁ አካባቢ ሰዎች ስለነበሩ እንደምንም ተገኙ። ጆርጅ ዋሽንግተን ይህን ሲያይ «ኑ፣ እኔ ቤት» ብሎ ማውንት ቨርነን ጋበዛቸው። እንግዳን ቤት አስገብቶ ማስማማት እኛም እናውቅበታለን።

እዚያ ተስማሙ። ቨርጂኒያ በባሕሩ በር ከሜሪላንድ መርከቦች ክፍያ ልትተው፣ የሁለቱም ሰዎች በወንዙ ዓሣ ሊያጠምዱ፣ ለመርከብ መምሪያ መብራቶች የሚወጣውን ወጪ ሊካፈሉ። ነገር ግን ነገርን ይስባል። የሁለታችን ከተፈታ የሌሎቹስ ንግድ? ተባለ። በ1786 አናፖሊስ ላይ ስብሰባ ተጠራ። የመጡት የ5 ግዛቶች 12 ሰዎች ብቻ ናቸው። ለመወሰን አነሱ። ግን ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ ፊላደልፊያ እንገናኝ ብለው ለሁሉም ጻፉ።

በዚያው ክረምት ማሳቹሴትስ ውስጥ ዕዳ መሬታቸውን ሊያስነጥቃቸው የደረሰ ገበሬዎች በዳንኤል ሼይስ መሪነት የስፕሪንግፊልድን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሊይዙ ሄዱ። መድፍ ተተኮሰባቸው፣ 4 ሰዎች ሞቱ። ኮንግረሱ የሚልከው ጦር አልነበረውም። የቦስተን ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጥተው ባቆሙት ጦር ነው አመፁ የተበተነው። ከዚህ በኋላ ሲያመነቱ ከነበሩት ብዙዎቹ ሻንጣቸውን አዘጋጁ።

በ1787 ፊላደልፊያ ላይ 55 ሰዎች ተገኙ። ሮድ አይላንድ አሁንም የለችም። የተላኩት የድሮውን ውል ሊጠግኑ ነበር፤ እነሱ ግን በር ዘግተው አዲስ ጻፉ። ትልልቆቹ በሕዝብ ብዛት፣ ትንንሾቹ በእኩል ድምፅ እንወከል ብለው ሲፋጩ ከረሙ። ጁላይ 16 በአንድ ድምፅ ብልጫ አንዱ ምክር ቤት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይሁን ተባለ።

የሚያሳፍረውን አልዘልም። ባሪያዎች ድምፅ ሳይኖራቸው ለጌቶቻቸው ውክልና ሲባል ከ5ቱ 3ቱ ይቆጠሩ ተባለ። ኮንግረስም እስከ 1808 ድረስ ባሪያ ከውጭ ማስገባትን እንዳይከለክል ተደረገ። «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን ጽሑፉ ውስጥ የለም፤ ተጠንቅቀው ሸሽተውታል። በ1828 ከአገሪቱ ትልልቅ የባሪያ ንግድ ቤቶች አንዱ የተከፈተው እዚሁ ዱክ ስትሪት ላይ ነው። ሕንፃው ዛሬ ሙዚየም ነው።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 39ኙ ፈረሙ። የወንዙን ጠብ ያስታረቀው ሜሰን ግን አልፈርምም አለ። የሰውን መብት የሚዘረዝር ክፍል የለውም ብሎ ነው። እሱ ራሱ ባሪያዎች ነበሩት፣ ይህንንም ያዙልኝ። ከጎረቤቱ ከዋሽንግተን ጋር የነበረው ወዳጅነት በዚሁ ሰበብ ሻከረ። ቨርጂኒያም ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀችው በ89 ለ79 ነው። የመብቶቹ 10 ማሻሻያዎች በ1791 ጸደቁ፤ ሜሰን ይህን አይቶ በዓመቱ ሞተ። ጋንስተን ሆል የሚባለው ቤቱ ከዚህ ወደ ደቡብ፣ ወንዙ አጠገብ አሁንም አለ። ቅዳሜ መኪና ያለው ልጆቹን ይዞ ይሂድ።

አመሰግናለሁ።