የፈተና ክፍያውን ነገር ዛሬ እንጨርሰው

የተከበራችሁ አባላት፣ ማስተሮች፣ ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዘንድሮ ዳኞችን አሠልጥነናል፣ የታዳጊዎች ውድድር አካሂደናል። በሁለቱም ኮርቻለሁ። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያነቡላችኋል።

እኔን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ በማርሻል አርት ክለቦቻችን ተማሪ ከአንዱ ቀለም ቀበቶ ወደ ቀጣዩ ለማለፍ የሚከፍለው የቀበቶ ፈተና ክፍያ ነው።

አንዲት እናት ቢሯችን መጡ። ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ የተነገራቸው ወርሃዊው ክፍያ ብቻ ነበር። ከዚያ የፈተና፣ የቀበቶ፣ የሰርተፊኬት እየተባለ ተጨመረባቸው። ሲያቅታቸው ልጁ ቀረ። «ጓደኞቹ ቢጫ ሲታጠቁ አይቶ ዩኒፎርሙን ደበቀው» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው?

ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ለሁለት ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ዳን፣ ዛሬ የጥቁር ቀበቶ ደረጃ የምንለውን፣ ሲሰጥ፣ የደረሱበትን ሊያሳያቸው ነው። እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ቀለም ሒሳብ ይዞ ይመጣል።

ፈተና ወጪ አለው፤ አውቃለሁ። አዳራሽ ይከራያል፣ ፈታኝ ይመጣል። የቴኳንዶ ዳን ከሆነ የዳን ሰርተፊኬት ለሚሰጠው የደቡብ ኮሪያ ተቋም፣ ለኩኪዎንም ይከፈላል። ግን በየሁለት ወሩ ፈተና እየጠሩ የመጣውን ሁሉ ማሳለፍ ምን የሚሉት ነው? ፑምሴውን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራውን የቴኳንዶ እንቅስቃሴ፣ በቅጡ ያልያዘ ልጅ አረንጓዴ ታጥቆ ውድድር ሲገባ የሚመታው እሱ ነው እንጂ ማስተሩ አይደለም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ማህበራችንም ከየሰርተፊኬቱ ድርሻ ይወስዳል። ፈተና ሲበዛ ካዝናችን ይሞላል። ስለዚህ ክለቦችን ብቻ መውቀስ አልችልም። ድርሻችን ይቅር፣ ጉድለቱን በዓመታዊ መዋጮ እንሸፍን ያልኩት ለዚህ ነው። መዋጮውን በጊዜው የከፈለው አባል ግን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የቀረበው ሐሳብ ይሄው ነው። እስከ ጥቁር ቀበቶ ያለው ክፍያ በምዝገባው ቀን በጽሑፍ ይሰጥ። የወደቀ ተማሪ ሲደግም አይክፈል። ፈታኙ ከሌላ ክለብ ይምጣ።

ለዚህ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ጠራን። ሦስቴም ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ተበተንን። በስልክ «ክለቤን ልታዘጉኝ ነው» ያላችሁኝ ማስተሮች፣ ዛሬም ወንበራችሁ ባዶ ነው። በጣም አዝኛለሁ። ገቢና ወጪያችሁን ይዛችሁ ብትመጡ እኮ እንሰማችሁ ነበር። ተማሪ ሲቀር «የት ነበርክ?» ብለን የምንቆጣው እኛው ነን።

ድምፅ የምንሰጠው ከምሳ በኋላ ነው። ስልካቸው ያላችሁ፣ በእረፍት ሰዓት ደውሉላቸው። አሁንም ይደርሳሉ።