ክረምት በመጣ ቁጥር ቡድን አይበተን

የተከበራችሁ የቅርጫት ኳስ ክለባችን ቦርድ አባላት፣ አሰልጣኞች፣ ተጫዋቾች፣ በዚህ ዝናብ መጥታችሁ አዳራሹን የሞላችሁ ደጋፊዎች፤ እንደምን አመሻችሁ!

የተጋበዝኩት ደጋፊውን ወክዬ የውድድር ዓመቱን እንድገመግም ነው። ጥሩ ጀመርን፣ መሃል ላይ ተንገዳገድን፣ መጨረሻ ላይ ተሸነፍን። ሁላችሁም ነበራችሁ፣ አልደግመውም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከሽንፈቱ በኋላ የሚወራው ነው። ፒያሳ ቡና ስጠጣም፣ ወደ አዘዞ ስሄድ ታክሲ ውስጥም የምሰማው አንድ ነው፤ «ግማሾቹን አሰናብተን አዲስ እናስፈርም።»

እስኪ የአሜሪካውን ቡድን የሳን አንቶኒዮ ስፐርስን ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2013 በኤንቢኤ፣ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ፍጻሜ ማያሚ ሂትን በጨዋታ ብዛት 3 ለ 2 እየመሩ ነበር። ስድስተኛው ጨዋታ ሊያልቅ 28 ሰከንድ ሲቀረው በ5 ነጥብ ይመራሉ። ለዋንጫው ሥነ ሥርዓት ቢጫ ገመድ የያዙ ሰዎች ሜዳው ዳር ደርሰዋል። የማያሚው ሌብሮን ጄምስ ባለ ሦስት ነጥብ አስቆጠረ። የስፐርሱ ካዋይ ሌናርድ ከሁለት የቅጣት ምት አንዱን ሳተ። ሌብሮን እንደገና ሞከረ፣ ሳተ። የቡድን ጓደኛው ክሪስ ቦሽ ሪባውንዱን፣ ተስቶ የተመለሰውን ኳስ፣ ነጥቆ ጥግ ለነበረው ሬይ አለን ሰጠው። አለን ባለ ሦስት ነጥብ ወረወረ። 5.2 ሰከንድ ሲቀር 95 እኩል! ስፐርሶች በጭማሪው ሰዓት ተሸነፉ፤ ሰባተኛውንም ጨዋታ ተሸነፉ።

የስፐርሱ አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች በዚያች ወሳኝ ሰዓት ኮከቡን ቲም ደንካንን ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጦት ነበር። 36 ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ማኑ ጂኖቢሊ በዚያ ጨዋታ 8 ኳስ አበላሽቷል። እኛ ጋ ቢሆን አሰልጣኙም ጂኖቢሊም በማግሥቱ ሻንጣቸውን ይሸክፉ ነበር።

ስፐርሶች የጂኖቢሊን ውል አደሱ። ጋሪ ኒል ሄደ፣ ማርኮ ቤሊኔሊ መጣ፤ የቡድኑ አጥንት አልተነካም። በዓመቱ ያንኑ ማያሚን 4 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። የፍጻሜው ኮከብ ማን ተባለ? ያ ቅጣት ምት የሳተው ካዋይ!

ዳላስም አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዋንጫ አነሳ፤ በዚያው ዓመት የቡድኑ ምሰሶ የነበረውን ታይሰን ቻንድለርን ለቀቀ። በቀጣዩ ዓመት በመጀመሪያው ዙር በኦክላሆማ 4 ለ 0 ተሰናበተ።

«ቶሮንቶ ኮከቡን ዴማር ዴሮዛንን ሰጥቶ ካዋይን በማምጣቱ አይደል እ.ኤ.አ. በ2019 ዋንጫ የበላው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን ካይል ላውሪ፣ ፓስካል ሲያካም፣ ፍሬድ ቫንቭሊት አልተነሱም። አንድ ኮከብ ማምጣትና ቤት ማፍረስ ይለያያል።

ወደ እኛ ልምጣ። ልጆቻችን ዝናቡ ሲያባራ የሲሚንቶ ሜዳውን ውሃ በመጥረጊያ እየጠረጉ ነው የሚለማመዱት። አቀባያችን ኳሷን ሲለቅ ረጅሙ ልጅ ገና ዞሮ አላየውም፤ እጁ ግን ቀድሞ ተዘርግቷል። ይህን የትኛው ደላላ ነው የሚያመጣልን? በየክረምቱ አዲስ ፊት፣ በየመስከረሙ ስም ማጥናት! ጥንስሱ ሳይብላላ ጋኑን እየደፋን ጠላው አልጣፈጠም እንላለን። ይብቃ! ያጣነው ተጫዋች አይደለም፤ ያጣነው ትዕግሥት ነው!

ፋሲል ከነማ በእግር ኳስ በ2011 ዓ.ም ዋንጫው ከእጁ ሲያመልጥ አብረን አልቅሰናል። በ2013 ዓ.ም ሲያነሳውም አብረን ጨፍረናል። ይህ ከተማ መጠበቅ ያውቅበታል።

ምንም አይነካ አላልኩም። ሪባውንድ ላይ እንደምንበለጥ አይቻለሁ፤ አንድ ግዙፍ ልጅ ያስፈልገናል። የሐኪምና የጫማ ነገርም አለ፤ አሰልጣኞቹ ያስረዷችኋል።

የቦርድ አባላት፣ የብዙዎቹ ልጆች ውል በዚህ ወር ያልቃል። ሌሎች ክለቦች ስልክ መደወል ጀምረዋል። ከአዲሱ ዝውውር በፊት የነባሮቹን ፊርማ ጨርሱ። ደጋፊው መዋጮውን ያዘጋጃል፤ መልሳችሁን በሚቀጥለው ስብሰባ እንጠብቃለን።

አመሰግናለሁ።