ወረፋ አይሸጥም፦ ሰዓት ሠሪው ለአድማጮች የሰጧቸው መልሶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ ሰዓት ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩት እንግዳችን ቅዳሜ ረፋድ ስቱዲዮ ነበሩ። የዕለቱ ርዕስ ውድ የስዊስ ሰዓት ነው። ደሴ ላይ ሮሌክስ ማን ይገዛል እንዳትሉ። ዱባይና ጅዳ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ሲደውል ነው ያረፈደው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሆጤ፦ ወንድሜ ዱባይ ነው የሚሠራው። ሮሌክስ ሊገዛ ገንዘቡን ይዞ ሱቅ ገባ። መስታወት ውስጥ የተደረደረውን ሲጠይቅ «ይሄ ለማሳያ ነው፣ አይሸጥም» አሉት። ንቀውት ነው?

አብሽር፣ አልናቁትም። ሚሊየነሩንም እንደዚያው ነው የሚሉት።

ሮሌክስ አዲስ ሰዓት በኢንተርኔት አይሸጥም። የሚሸጠው በህጋዊ ወኪሎች በኩል ነው። ዱባይ ላይ አህመድ ሲዲቂ የሚባለው ቤት የታወቀ ወኪል ነው። ወኪሉ ግን የፈለገውን ያህል አዝዞ አያገኝም። በተለይ ከወርቅ ሳይሆን ከብረት የተሠሩት ላይ ችግር አለ። በ1953 የወጣው ሰብማሪነር፣ በ1963 የወጣው ዴይቶና፣ ጂኤምቲ ማስተርም የሚባሉት ሞዴሎች፣ ፈላጊያቸው ከሚመጣው በጣም ይበልጣል። ኩባንያው ሆን ብሎ አሳንሶ ያመርታል ብለው የሚያሙት አሉ። እሱ ደግሞ በ2021 መግለጫ አውጥቶ እጥረቱ የሽያጭ ዘዴያችን አይደለም ብሏል። እናንተው ፍረዱ።

ወንድምህ ስሙን ያስመዝግብ። «ዌይቲንግ ሊስት» የሚሉት እሱን ነው። ግን የኛን የስኳር ወረፋ እንዳይመስለው። የኛ ወረፋ ላይ ድንጋይህን አስቀምጠህ፣ ቤት ገብተህ ቡናህን ጠጥተህ ስትመለስ ተራህ ይጠብቅሃል። እዚያ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሻጩ መዝገቡን ያይና የመሰለውን ሰው ይጠራል። የቆየ ደንበኛ ይቀድማል። ነገ ወስዶ ይሸጠዋል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው መጨረሻ ነው፤ ጭራሽ ላይጠራም ይችላል። ስለዚህ ወንድምህ በአካል ይሂድ፤ አንድ ሻጭ ይተዋወቅ፤ የሚፈልገውን አንድ ሞዴል ለይቶ ይናገር፤ አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ ሰላም ይበል። አለቀ።

ምዝገባው በነጻ ነው። ይህንን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፤ ከሰለቻችሁ ይሰልቻችሁ።

ከሰኞ ገበያ፦ ስንት ጊዜ ያስጠብቃል?

ወራትም ዓመታትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ቀን ትወስዳለህ ብሎ ቀን የሚቆርጥልህ ካለ ጠርጥረው።

ከኮምቦልቻ፦ እህቴ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ለእጮኛዋ ጥሩ ሰዓት ልትገዛ ፈለገች። ቴሌግራም ላይ ያገኘችው ልጅ «ዱባይ ወኪሉ ቤት የራሴ ሰው አለኝ፣ 80 ሺህ ብር ቀብድ ካስገባሽ ወረፋ ይያዝልሻል፣ በሁለት ወር ይደርስሻል» አላት። የሰዓቱን ፎቶም ልኳል። ይታመናል?

አይታመንም። እህቴ፣ ሬዲዮኑን ቀነስ አድርጊና ስልኩን ወደ ጆሮሽ አስጠጊ፤ ይሄንን በደንብ እንድትሰሚኝ እፈልጋለሁ። አዘጋጇም ማስታወቂያውን ትንሽ ታቆይልኝ።

ወረፋ አይሸጥም። የሮሌክስ ወኪል ስም ለመመዝገብ ብር አይጠይቅም። ብር የሚከፈለው ሰዓቱ ሲመጣ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ደረሰኝ ተቆርጦ ነው። ብዙ ወኪሎች ገዢው ራሱ በአካል መጥቶ እጁ ላይ ለክቶ እንዲወስድ ይፈልጋሉ። ምክንያቱም ሰዓቱ የደላላ እጅ እንዲገባ አይወዱም። ታዲያ እነሱ የሚሸሹት ደላላ እንዴት ብሎ ነው ለእህትሽ ወረፋ የሚይዝላት?

«የራሴ ሰው አለኝ» የሚለውን ቃል እናውቀዋለን። መናኸሪያ ውስጥ መኪናው ሞልቷል ሲባል «ሹፌሩ የራሴ ሰው ነው» የሚል ልጅ አይጠፋም። ብሩን ትሰጪዋለሽ፤ ሚኒባሱም ይሄዳል፣ ልጁም ይሄዳል፣ አንቺ ትቀሪያለሽ። ልዩነቱ ያኛው የሚበላው የትራንስፖርትሽን ብቻ ነው። ይሄኛው የእህትሽን ስንት ወር ጉልበት ነው የሚበላው።

ፎቶ ማስረጃ አይሆንም። የሰው ሰዓት ፎቶ በየሜዳው ሞልቷል። ስምሽ የተጻፈበት ወረቀት ከሰዓቱ አጠገብ ተቀምጦ ብታዪም አትመኚ፤ ዛሬ ይሄንን በስልክ የሚያቀናብር ልጅ ሰፈርሽም አለ። ቪዲዮ ቢልክም ያው ነው። ሱቅ ገብቶ መስታወቱን ቀርጾ መውጣት ማንንም አያስከፍልም።

ባለፈው አንዲት ልጅ ሱቄ መጣች። ከአረብ አገር ከተመለሰች ሳምንት አልሞላትም። አረንጓዴ ሳጥን ከቦርሳዋ አወጣች፤ በጣም የሚያምር ሳጥን። ለአባቷ ነው። ክዳኑን ስከፍተው ሰዓቱ ገና በእጄ ሳልይዘው ገባኝ፤ ግን ፊቷን ሳይ አፌ አልከፈት አለ። ጀርባውን ፈታሁት። ውስጡ ያለው ሞተር እኔ ለተማሪ ልጆች ሰዓት የምቀይረው ዓይነት ነው። «ባትሪ ነው የሚያስፈልገው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ባትሪውን ቀይሬ፣ ሳልቀበላት ሸኘኋት። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቱን አለመናገሬ ጥፋት ነበር። ስለዚህ ዛሬ ለአንቺ እየተናገርኩ ያለሁት በእሷም ምትክ ነው።

እኔም ብሆን ከመበላት አላመለጥኩም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሙሉ ደመወዜን ከፍዬ ከአንድ ሻጭ ሴይኮ ገዛሁ። የሰዓት ሙያ እየተማርኩ! ከፍዬ ስጨርስ ነው ጀርባውን የከፈትኩት። ሙያውን ያስተማሩኝ ጌታዬ ሳቁብኝ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ «ባለ ሴይኮው» እያሉ ጠሩኝ። ከዚያ ወዲህ ብር አይቅደም እላለሁ። መጀመሪያ ሰዓቱ ይታይ፣ ጀርባው ይከፈት፣ ቁጥሩ ይመርመር። ብር መጨረሻ ይውጣ።

ለእህትሽ ዛሬውኑ ደውዪላት። ሰዓት ካማራት በእረፍት ቀኗ ጅዳ ካለ ወኪል ሱቅ ገብታ ትጠይቅ። የወኪሎቹ ዝርዝር ሮሌክስ ራሱ ድረ ገጽ ላይ በየአገሩና በየከተማው አለ። ዝርዝሩ ላይ የሌለ ሰው «ወኪል ነኝ» ቢል ወኪል አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እንደ አባት ነው። እጮኛዋ የሚወዳት ከሆነ ረከስ ባለው ሲቲዝን ሰዓትም ይወዳታል።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ፦ ጋሼ፣ በ8 ሺህ ብር ሮሌክስ ገዛሁ። ኦርጅናል ይሆን እንዴ?

ልጄ፣ አዲስ ብረት ሰብማሪነር ወኪሉ ጋ 10 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ሰዓት ከቆጠረልህ ለፈተና አትረፍድም፤ አድርገው።

ከሳላይሽ፦ ኦርጅናሉንና ፌኩን በምን እለያለሁ? የሰከንዷ ቀስት ቀጭ ቀጭ ካለች ፌክ ነው ይባላል።

እሱ የድሮ ብልሃት ነው። ሮሌክስ ራሱ በ1977 ኦይስተርኳርትዝ የሚል የባትሪ ሰዓት አውጥቶ ነበር፤ እሷ ቀጭ ቀጭ ትላለች፣ ግን ኦርጅናል ናት። የዛሬዎቹ ኮፒዎች በተቃራኒው በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ ሞተር አላቸው፤ ቀስታቸውም በሰከንድ ስምንቴ እየነጠረች እንደ ውሃ ትፈሳለች። ክብደታቸውም ያው ነው። እኔ ራሴ ሳልከፍት የማልፈርድባቸው አሉ።

መጀመሪያ የሚታየው ቁጥር ነው። በዘመኑ ሮሌክስ ላይ ሴሪያል ቁጥሩ ከመስታወቱ ስር፣ በውስጠኛው ቀለበት ላይ፣ 6 ቁጥር ጋ ተቀርጿል። ከሰዓቱ ጋር የሚሰጥ የዋስትና ካርድ አለ፤ ከ2015 ወዲህ ዋስትናው 5 ዓመት ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ሰዓቱ ላይ ካለው ጋር ይግጠም። ካልገጠመ ተነስተህ ውጣ። ቢገጥምም ግን ካርድም ይኮረጃል። ስለዚህ ጀርባው ይከፈት። አደራ፣ በቢላ አይደለም! የራሱ መፍቻ አለው። ቢላ ይዞ «ቶሎ ልክፈትልህ» የሚል ሰው ካጋጠመህ ሰዓትህን ኪስህ ክተት።

ብዙ ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ በሬዲዮ ምክር አትግዛ። የሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ወስደህ አስመርምር።

ከሐይቅ፣ አንድ አባት፦ አባቴ በንጉሡ ጊዜ የገዙት ኦሜጋ አለኝ። ፊቱ ደብዝዟል፣ ጎኑ ተፋፍቋል። አስወልውዬ አዲስ ላስመስለው?

አባባ፣ እባክዎ እንዳይነኩት! ለማንም «አሳምርልኝ» ብለው እንዳይሰጡ። የድሮ ሰዓት ፊቱ ከተቀባና ብረቱ ከተፋቀ ዋጋውም ታሪኩም ነው የሚሄደው። የአጼ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ በ2017 ጄኔቫ ላይ በጨረታ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ወጥቷል። አዲስ ስለመሰለ አይደለም፤ የማን እንደነበር ስለታወቀ ነው። የእርስዎም የአባትዎ ነው። ይዘውት ይምጡ፤ ውስጡን አጽድቼ ዘይት ልቀይርለት። ፊቱን አልነካም። የድሮ ደረሰኝ ወይም ሰዓቱን አድርገው የተነሱት ፎቶ ካለ አብረው ያስቀምጡት።

ከኮምቦልቻ፣ ነጋዴ፦ ከወኪል በተመን ገዝቼ ውጭ ብሸጠው ያተርፋል ይባላል። ደግሞ ሻጩ መጀመሪያ ሌላ ሰዓት ካልገዛህ አልሰጥም ይላል አሉ።

ያተረፉ አሉ። በ2021ና በ2022 መጀመሪያ ላይ ዋጋው ጣራ ነካ። ያኔ ሰው ሁሉ ሰዓት ነጋዴ ሆነ። ከዚያ ወረደ። ጫፍ ላይ የገዙት አሁንም ሰዓታቸውን እያዩ ያዝናሉ። ደግሞም ወኪሉ ሰዓቱን እንደሸጥከው ከደረሰበት በሩ ይዘጋብሃል፤ ሁለተኛ አትጠራም።

ሌላ ግዛ ማለቱ በጽሑፍ የተቀመጠ ደንብ አይደለም፤ አንዳንድ ቤት ግን ይደረጋል። ዴይቶና ለማግኘት ሲል ሚስቱ ያላማራትን ጌጥ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ሰዓቷ እስካሁን አልመጣችም። ጌጡ ግን አለ። የማትፈልገውን አትግዛ።

መጠበቅ ካልሆነልህ ሮሌክስ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ያገለገሉ ሰዓቶችን አስመርምሮ፣ የ2 ዓመት ዋስትና ሰጥቶ፣ በተመረጡ ወኪሎቹ በኩል ያሸጣል። ዋጋው ይከብዳል፣ እንቅልፍ ግን ታገኛለህ። ለንግድ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ የምታውቀውን ንግድ ነግድ።

ከኮምቦልቻ፣ ሹፌር፦ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስገባ የሰዓቴ መስታወት ከውስጥ ጉም ይይዛል።

ውሃ ገብቶበታል። የደሴ ብርድ ያሳየሃል እንጂ እርጥበቱ ቆላም ሳለህ ውስጡ ነበር። ፀሐይ ላይ አታስጣው፣ ሩዝ ውስጥም አትቅበረው። ዛሬውኑ ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰደው፤ ነገ ዝገት ነው። መሙያውንም ሁልጊዜ አጥብቀህ ዝጋ።

ከአራዳ፦ ቀን የሚያሳይ ሰዓት በኛ ሰዓት ልሙላው ወይስ በፈረንጅ?

እንደፈለግሽ። በኛ ከሞላሽው ቀኑ ሌሊት ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይገለበጣል። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ አይደል? ቀኑን ለብቻው ስትቀይሪ ግን መጀመሪያ ቀስቶቹን ወደ 6 ቁጥር አውርጂ። 12 ቁጥር አካባቢ ሆነው ከገፋሽው በተለይ የድሮ ሰዓት ጥርሱ ይሰበራል።

ከቧንቧ ውሃ፦ ከዱባይ ይዤ ስገባ ቀረጥ እከፍላለሁ?

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ከመግዛትህ በፊት ጉምሩክን ጠይቅ፤ ደረሰኙንም አትደብቅ።

ከኮምቦልቻ፣ ቅድም የደወለችው እህት፦ ይቅርታ፣ ድጋሚ ደወልኩ። ለእህቴ ደውዬላት ነበር። 20 ሺውን ሐሙስ ዕለት አስገብታለች። ቀሪውን ዛሬ ልታስገባ ነበር።

ዛሬ አታስገባም። ሰማሽ? አንድ ብር አትጨምር። «ቀሪውን ካላስገባሽ የመጀመሪያውም ይቃጠላል» ይላታል፤ ይበል። የተጻጻፉትን አንዱንም እንዳታጠፋ፣ ሁሉንም ፎቶ ታንሳው። የልጁን ስም፣ ስልኩንና የገባበትን የሂሳብ ቁጥር ትላክልሽ። አንቺ አሁን ተነሺና ብሩ የገባበት ባንክ ሂጂ፤ ቅዳሜ ነው፣ ሳይዘጉ ድረሺ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ከዚህ በላይ የእኔ ሙያ አይደለም፣ የነሱ ነው። ስልኩን ዝጊና ሂጂ፣ እህቴ።