መጽሐፉ ሳይደርስ የደረሰው ፈተና

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶች፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ ለፈተና የምንሸኛችሁ የ12ኛ ክፍል ልጆቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

የወላጆች ኅብረቱ የጠራኝ ልጆቹን እንድመርቅ ነው። እመርቃለሁ። ከምርቃቱ በፊት ግን አራት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

እኛ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶን አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ስንገባ የነበረውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ውኃ በጀሪካን እስከ አራተኛ ፎቅ ተሸክመናል። ከእኛ በፊት እዚሁ ሲያርሱ የኖሩት ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከዚያ የባሰውን አይተዋል። ችግር አይተን የምንደነግጥ ሰዎች አይደለንም። እኔን ያቃጠለኝ ችግሩ አይደለም፤ ልጆቻችን የተፈረደባቸው ፍርድ ነው።

ልጆቼ፣ እናንተ ዘጠነኛ ክፍል የገባችሁት በ2015 ነው፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በተጀመረበት ዓመት። ትምህርቱ መጣ፣ መጽሐፉ ቀረ። «በቴሌግራም ተልኳል፣ አውርዱት» ተባልን። በማን ስልክ?

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አንድ ልጅ አለ። ዛሬ እዚሁ መካከላችሁ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም። ቤታቸው ያለው ስማርት ስልክ አንድ ነው፣ እሱም የአባቱ። አባቱ ታክሲ ነጂ ነው፤ ደንበኛ የሚጠራው በዚያው ስልክ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ይዞት ይወጣል፣ ማታ 4 ሰዓት ይገባል። ስለዚህ ልጁ ከመሸ ጋደም ይልና አባቱ ሲገባ ይነሣል። ባትሪው እስኪያልቅ ያነባል። አንድ ማታ በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ የአባቴ ስልክ ወድቆ ተሰበረ፤ ነገ የፊዚክስ ፈተና አለብኝ» አለኝ። የእኔን ሰጠሁት። ጠዋት ሊመልስ ሲመጣ ዓይኑ ደም መስሏል፤ ደብተርም ይዟል። ምዕራፉን ሌሊቱን ሙሉ በእጁ ገልብጦታል። ሥዕሎቹን ሳይቀር በማስመሪያ አስምሮ! «ለምን?» ብለው፣ «ዳግመኛ እንዳላስቸግርዎት ብዬ ነው» አለኝ።

እኔ 31 ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። ብራና ፍቀን፣ ቀለም በጥብጠን መጽሐፍ በእጅ መገልበጥ ከተውን ስንት ዘመናችን ነው?

አሁን ይህን ስሙኝ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ሲሰጥ ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተፈተነ። አውቶቡስ ተገኘ። መኝታ ተገኘ። ምግብ ተገኘ። ፖሊስ ወረቀቱን አጅቦ አደረሰ። ኩረጃን ለማስቀረት ነበር፤ እኔም እደግፋለሁ፣ ኩረጃ ትውልድ ገድሏል። ግን ልጠይቅ፤ የፈተና ወረቀት በጥበቃ እስከ ዳር አገር ማድረስ የቻለች አገር፣ መጽሐፍ ቱሉ ዲምቱ ማድረስ እንዴት አቃታት? ያ መኪና በመስከረም የት ነበር?

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሆነ። ቁጥሩ በተነገረ ቁጥር «ልጆቹ ሰነፉ፣ ቲክቶክ አጠፋቸው» ሲባል እሰማለሁ። ያን ልጅ ሰነፍ የሚለው ማነው? እዚህ መጥቶ ፊቱን አይቶ ይበለው! ለማንበብ ተራ የሚጠብቅን ልጅ አላነበብክም ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። ግፍ ነው እላለሁ!

የተሠራውን አልክድም። ከ2012 ጀምሮ በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለታናናሾቻችሁ ቁርስና ምሳ ይቀርባል፤ ደብተርና ዩኒፎርም ይሰጣል። ርቦት ክፍል ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ያየ መምህር የዚህን ዋጋ ያውቃል። መጽሐፍም ኋላ ኋላ ለእኛ ትምህርት ቤት መምጣት ጀምሯል። ግን ዘጠነኛን በስልክ የተማረ ልጅ ያቺን ዓመት ማን ይመልስለታል?

ስለ በጀት አጭር ነገር ልበል። የትምህርት በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ መምህሩም ሲበዛበት አይደለም፣ የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንለትም። ከዚያ የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ጉድለቱን ደግሞ ወላጅ በመዋጮ ይሞላል። እንግዲያው የምናዋጣውም ሆነ የሚመደብልን በየዓመቱ በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍልን። የመጀመሪያው ወጪም መጽሐፍ ይሁን። ቀለሙና አጥሩ ይደርሳሉ።

ወላጆች፣ ለእናንተም የምለው አለኝ። እኛ ስናስተምር መጽሐፍ በሰኔ ተቆጥሮ ይመለስ ነበር። እቤት የተቀመጠ መጽሐፍ ያላችሁ እስከ ዓርብ አምጡ፤ የተቀደደውን እኔና ጡረታ የወጡ ጓደኞቼ እንጠርዘዋለን።

በሉ ልጆቼ፣ ተነሡ። በወረቀትም ሆነ በኮምፒውተር ብትፈተኑ ያነበባችሁት አይጥፋባችሁ። በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ። አንተም ጎረቤቴ፣ ያቺ በእጅህ የገለበጥካት ምዕራፍ በፈተናው ትምጣልህ። አሜን በሉ።